«ለአሮጌ ሾትገኔ ስኮፕ ልግዛ ወይስ ለእናቴ ቆርቆሮ ልላክ?»

«ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? የሐይቅ ልጅ ነኝ። አሁን የምኖረው አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ኮሎምበስ ከተማ ነው። ዌርሃውስ እሠራለሁ። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አለ፣ እንደ ልጁ ነው የሚያየኝ። ዘንድሮ አጋዘን አደን አብረን እንወጣለን ብሎ የራሱን አሮጌ ሾትገን በትንሽ ብር ሸጠልኝ። ሞዝበርግ 500 ነው፣ 12 ጌጅ፣ ፓምፕ። ጫፉ ላይ ዶቃ የምታክል ማነጣጠሪያ አለችው፣ ሌላ ምንም የለውም። የምተኩሰው በስለግ ነው፣ ማለት በፍንጣሪ ሳይሆን በአንድ ወፍራም የእርሳስ ጥይት።

አብረውን የሚወጡት ሰዎች የአምናውን ፎቶ አሳዩኝ። ሁሉም ጠመንጃ ላይ ስኮፕ፣ ማለት የሚያጎላ የማነጣጠሪያ መነጽር፣ አለ። አንዱ የሱ ብቻውን 500 ዶላር እንደፈጀ ነገረኝ። ሌላው ደግሞ እየሳቀ «ያለ ስኮፕ የሚመጣ ሰው አቁስሎ ነው የሚመለሰው» አለኝ። ይቺ ነገር ከሆዴ አልወጣ አለች።

ከኦቨርታይም ያጠራቀምኩት 400 ዶላር አለኝ። ግን ይሄን ገንዘብ ለእናቴ ቤት ቆርቆሮ እንልከዋለን ብለን ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ነበር። የስኮፑን ነገር ሳነሳባት «እናትህ ቤት እያፈሰሰ አንተ ለጠመንጃ መነጽር ትገዛለህ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ተኳርፈናል። እኔም በንዴት ኢንተርኔት ላይ 35 ዶላር የሚሸጥ 3-9x40 የሚል ስኮፕ መርጬ፣ ልክፈል አልክፈል እያልኩ ነው። ይባስ ብሎ አጎቴ ከአምባሰል ደውሎ «ለኔም ጠመንጃ አንድ ላክልኝ» አለ። እምቢ ማለት ከብዶኝ «እሺ አያለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

ስኮፕ የግድ ያስፈልገኛል? ርካሽ ሆኖ የማያዋርድ የቱ ነው? ባለቤቴንና አጎቴንስ ምን ልበላቸው?

መ. ነኝ፣ ከኮሎምበስ»

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ መ.

እውነት ለመናገር ደሴ ቁጭ ብዬ ስለ አጋዘን ጠመንጃ ደብዳቤ ይደርሰኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። እኔ ጋ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ትዳር ነው፣ ውርስ ነው፣ የወንድማማች የድንበር ጠብ ነው። ግን አብሽር። ወደ አገር ቤት ከመመለሴ በፊት ኦሃዮ ኖሬያለሁ፤ በዚያ አጥንት በሚሰብር የኅዳር ብርድ ዛፍ ሥር ተጎልቼ ስለግ ተኩሻለሁ። ደግሞ ደብዳቤህ ውስጥ ትዳርም አለ፣ ዘመድም አለ፣ ገንዘብም አለ። ከሥራዬ አልወጣሁም ማለት ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ መልሱን ለኔ ሳይሆን ለራስህ ንገረው። የምትፈራው አጋዘኑን መሳት ነው ወይስ እነዚያ ሰዎች ፊት ባዶ ሾትገን ይዞ መታየት? ሁለቱም ያለ ነው፣ አንዱም አያሳፍርም። ግን መድኃኒታቸው ይለያያል። ፍርሃትህ የሰው ዐይን ከሆነ 500 ዶላሩም አያድንህም፣ በሚቀጥለው ዓመት የ1000 ዶላር ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። ለመሆኑ ሽማግሌው በዚህ ጠመንጃ፣ በዚችው ዶቃ፣ ስንት ዓመት እንዳደነበት ጠይቀኸዋል? ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደሚያስቀምጥህ፣ ከዚያ ላይ አጋዘኑ በምን ያህል ርቀት እንደሚያልፍስ? ይሄን ሳታውቅ ሱቅ አትግባ። መልሱ 30 ወይም 40 ያርድ (ያርድ ከሜትር ጥቂት ያንሳል) ከሆነ ጭንቀትህ በግማሽ ይቀንሳል።

ሌላም ነገር አለ። የጓደኞችህን ፎቶ ደግመህ እየው። ኦሃዮ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ቀጥ ያለ ቀለሃ ያላቸው የተወሰኑ ጠመንጃዎችን ለአጋዘን ፈቅዳለች። ከነሱ አንዳንዶቹ የያዙት ሾትገን ላይሆን ይችላል። ሾትገን ቢሆንም ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ ያለው ባረል (አፈሙዝ) ይሆናል፣ እሱ ደግሞ ከ100 ያርድ በላይ ይሄዳል። ያንተ ግን ዶቃ ያለው የወፍ ባረል ነው፤ ከሞላ ጎደል በእርግጠኝነት ውስጡ ለስላሳ ነው። ለማረጋገጥ ጥይት እንደሌለበት ሁለት ጊዜ አይተህ፣ ከፊት ያለችውን ክዳን ፈትተህ፣ ባረሉን አውጥተህ ወደ ብርሃን ያዝና በውስጡ ተመልከት። እንደ መስታወት ከሆነ ለስላሳ ነው። እንደ ቪቲ ጥርስ የሚዞር ነገር ካየህ ሌላ ወሬ ነው፣ ጻፍልኝ።

ለስላሳ ከሆነ የምትገዛው ሳቦ የሚባለውን ውድ ጥይት ሳይሆን ተራውን፣ ፎስተር የሚሉትን ስለግ ነው። ርካሹ እሱ ነው፣ ላንተ ባረል የተሠራውም እሱ ነው። ሳቦ የሚሽከረከረው በቦዩ ነው፤ ለስላሳ ባረል ውስጥ ብታስገባው ገንዘብህንም ዒላማህንም ታባክናለህ። ባረልህ ጫፍ ላይ የሚፈታ ቾክ፣ ማለት የአፉን ጥበት የሚወስን ቱቦ፣ ካለ ደግሞ ሲሊንደር ወይም ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር የሚለውን እሰር። እንዲህ ያለ ጠመንጃ የታመነ ርቀቱ ከ50 እስከ 75 ያርድ ነው። 100 ላይ ጥይቱ ብዙ ኢንች ይወርዳል፣ ይበታተናልም። ስለዚህ የምትፈልገው ሩቅ የሚያሳይ ነገር አይደለም።

ታዲያ ስኮፕ ለምን? ዶቃዋ ስለምትሸፍንብህ። 4 ሚሊ ሜትር የምትሰፋ ዶቃ ከዐይንህ 1 ሜትር ብትርቅ፣ 50 ያርድ ማለትም 46 ሜትር ላይ 18 ሳንቲ ሜትር ትጋርዳለች። የአጋዘኑ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ በጠቅላላ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው! የምትመታውን ቦታ በዶቃ ደፍነህ ነው የምትተኩሰው ማለት ነው። በዚያ ላይ ሰውየው ጀማሪ፣ ሰዓቱ ድንግዝግዝ፣ እጁ ብርድ። እና ያ ሰውዬ እየሳቀ ይናገረው እንጂ አቁስሎ የመመለስ ነገር ቀልድ አይደለም፤ በዚህ ሐቅ አለው። የተሻለ ማነጣጠሪያ ፈልግ። 500 ዶላር ግን አይፈልግም።

አሁን ያን የ35 ዶላር ነገር አጥፋልኝ። ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የአንተ ስለግ 28 ግራም ይመዝናል፣ በሴኮንድ ወደ 490 ሜትር ነው የሚወጣው። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ይራገጣል፣ በደንብ። እነዚያ ስኮፖች ብዙዎቹ ለ22 ካሊበር ለምትባለው ትከሻ ለማታስነካ ጠመንጃ የሚሆኑ ናቸው። ስለግ ላይ ስትሰቅላቸው ውስጣቸው ያለው መስቀል ይላላል፤ ዛሬ ያስተካከልከው ነገ ሌላ ቦታ ይመታል። ምርቱ ላይ «ለሾትገን» ወይም «ለማግነም ምት የሚችል» የሚል ካላየህ አትንካው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ የዐይን ርቀት ነው። በመነጽሩ ጀርባና በዐይንህ መካከል ቢያንስ 9 ሳንቲ ሜትር፣ ቢቻል 10፣ ክፍተት ኖሮ ሙሉ ሥዕሉ መታየት አለበት። ከዚያ ካነሰ ለማየት ትጠጋለህ፤ ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲመጣ የመነጽሩ ብረት ጠርዝ ቅንድብህ ላይ ግማሽ ጨረቃ ይቆርጥልሃል። ይሄን ጠባሳ ይዘው የሚዞሩ ሰዎች ኦሃዮ ውስጥ ሞልተዋል። አንተ ደግሞ ለባለቤትህ «ሥራ ቦታ ወድቄ ነው» ልትላት ነው እንግዲህ።

የማጉያው ቁጥር ላይ አትታለል። 3-9x40 ሲባል ከ3 እስከ 9 እጥፍ ያጎላል፣ ከፊት ያለው ብርጭቆ ደግሞ 40 ሚሊ ሜትር ይሰፋል ማለት ነው። 9 እጥፍ አጉልተህ 30 ያርድ ላይ ቁጥቋጦ ውስጥ የቆመ አጋዘን ስታይ የምታየው ጠጉር ብቻ ነው፣ ትከሻው ይሁን ቂጡ አታውቅም። ላንተ 1.5-4 ወይም 2-7 የሚለው ይበቃል። ከፊት ያለው ብርጭቆ 32 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 20ም ቢሆን ምንም አይደል። እንዲያውም ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የብርጭቆውን ስፋት በማጉያው አካፍለው። 32ን ለ4 ስታካፍል 8 ሚሊ ሜትር ብርሃን ወደ ዐይንህ ይገባል፤ በጨለማ የተከፈተ የሰው ብሌን ደግሞ 7 ገደማ ነው። 40ን ለ9 ስታካፍል 4.4 ብቻ ነው። ያ ትልቁ ስኮፕ ሙሉውን ሲያጎሉት፣ በድንግዝግዝ ከትንሹ ይጨልማል። 50 ሚሊ ሜትሩንማ ተወው፤ ከፍ አድርገህ ካልሰቀልከው ባረሉ ላይ ያርፋል።

የሱቅ ሰው ፓራላክስ የሚል ነገር አንስቶ «ለሾትገን ተብሎ 50 ወይም 75 ያርድ ላይ የተስተካከለ ካልሆነ አይሆንም» ቢልህ አትደንግጥ። ፓራላክስ ማለት ጭንቅላትህን ስታንቀሳቅስ መስቀሉ ዒላማው ላይ የሚንሸራተተው ነው። 100 ያርድ ላይ የተስተካከለ ባለ 32 ሚሊ ሜትር ስኮፕ፣ 50 ያርድ ላይ በጣም ቢያሳስትህ 8 ሚሊ ሜትር ነው። አጋዘን በ8 ሚሊ ሜትር አይተርፍም። ዋጋው እኩል ከሆነ የሾትገኑን ውሰድ፣ ካልሆነ ግን ለዚህ ብለህ አትጨምር።

«እኔ የቱን ልግዛ?» ካልከኝ፣ ቮርቴክስ ክሮስፋየር 2 የሚባለው 2-7x32 ብዙ ጊዜ ከ200 ዶላር በታች ይገኛል፤ ቡሽኔልም በዚህ ዋጋ አካባቢ አለው። ቮርቴክስ ዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣል፣ ደረሰኝም አይጠይቅም፤ ስለዚህ ሰው የተጠቀመበትንም ሳትፈራ መግዛት ትችላለህ። ሌላው መንገድ ሬድ ዶት ነው፦ የማያጎላ፣ ቀይ ነጥብ ብቻ የሚያሳይ፣ ሁለት ዐይን ከፍተህ የምትተኩስበት። 3 ኤምኦኤ (የነጥቡ መጠን መለኪያ ነው) የሚባለው ነጥብ 50 ያርድ ላይ 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚሸፍነው። ከዶቃዋ 18 ጋር አስተያየው። ዋጋውም ይቀላል፣ ቅንድብም አይነካ። ግን ባትሪ ይፈልጋል። ዐይኑ አስቲግማቲዝም ያለበት ሰው ደግሞ ነጥቡ ተበትኖ ነው የሚታየው፣ ስለዚህ ሳታየው እንዳትገዛ። እኔ ወደ 2-7 አደላለሁ፤ ወደፊት ቦይ ያለው ባረል ብትገዛ እሱኑ ትቀጥላለህ። ባለቤትህ ግን ወደ ሬድ ዶቱ የምታደላ ይመስለኛል።

ሱቅ ስትሄድ ወደ ማታ ሂድ። ባለሱቁን አስፈቅደህ ወደ በሩ ውጣና ጥላ ውስጥ ያለ ነገር ተመልከት፣ የመኪና ሥር፣ የአጥር ሥር። ሱቁ ውስጥ ባለው መብራት ሁሉም ስኮፕ ጥሩ ነው።

ሰው የማይነግርህ ነገር ማሰሪያው ነው። ገንዘቡን ስኮፑ ላይ ያፈሰሰ ሰው በ10 ዶላር ማሰሪያ ሲሰቅለው አይቻለሁ፤ ከዚያ ስኮፑን ይራገማል። የጠመንጃህን ሪሲቨር፣ ያን ጥይት የሚገባበትን የብረት ሳጥን፣ ከላይ ተመልከተው። አዲሶቹ ሞዝበርግ 500 ላይ አራት ትንንሽ የቪቲ መክደኛዎች ተደርድረው ታያለህ። ካሉህ እድለኛ ነህ፤ በልኩ የተሠራ ቤዝ፣ ማለት መቀመጫ ብረት፣ ገዝተህ እዚያ ላይ ታስራለህ፣ ቀለበቶቹ ቤዙ ላይ ይቀመጣሉ። ከሌሉህ ከጎን አቅፎ የሚይዝ ማሰሪያ አለ፣ ወይም ጠመንጃ ጠጋኝ ይበሳልሃል። በራስህ ድሪል እንዳትሞክረው!

ስታስር ቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለውን ዘይት በአልኮል አጽዳ። ቪቲዎቹ ላይ የማይፈታ ዓይነት ያልሆነውን፣ ሰማያዊውን ሎክታይት (የቪቲ ሙጫ)፣ አንድ ጠብታ አድርግ። አንዱን ጨርሰህ አጥብቀህ ወደ ሌላው አትሂድ፤ እያቀያየርክ በየተራ አጥብቅ። ከማሰሪያው ጋር የመጣው ካቻቢቴ ልክ ካልሆነ ልኩን ፈልግ፣ የተላጠ ቪቲ ራስ ማታ ላይ ያስለቅሳል። ቀለበቶቹ የሚቻለውን ያህል ዝቅ ያሉ ይሁኑ። ምክንያቱም የሾትገን ሰደፍ የተሠራው ለዶቃ ነው፤ ጉንጭህን ስታስደግፍ ዐይንህ ከባረሉ ጋር እኩል እንዲሆን ነው። ስኮፕ ሲጨመር ዐይንህ ከፍ ይላል፣ ጉንጭህ አየር ላይ ይቀራል፣ በያንዳንዱ ተኩስ ጭንቅላትህ ሌላ ቦታ ነው። በማሰሪያ የሚታሰር የጉንጭ ትራስ አለ፣ ሰደፉ ላይ ይጠመጠማል፣ ውድ አይደለም። ካጣህ ፎጣ አጥፈህ በፕላስተር ጠምጥመው። መልኩ ያስቃል፣ ይሠራል ግን።

አንዴ ካስተካከልክ በኋላ ደግሞ አደኑ እስኪያልቅ ባረሉን አትፍታው። የፊት ክዳኗን በእጅህ በደንብ አጥብቅ። ስኮፑ ያለው ሪሲቨሩ ላይ ነው፣ ጥይቱ የሚወጣው በባረሉ ነው፤ በሁለቱ መካከል ትንሽ ከተንገራገጨ የማታውቀው ቦታ ትመታለህ።

ከዚያ የተኩስ ሜዳ። ሽማግሌውን ይዘኸው ሂድ፣ ደስ ይለዋል። በ25 ያርድ ጀምር፤ በአሸዋ ከረጢት አስደግፈህ፣ ሦስት ተኩስ። ከአንዷ በኋላ ቪቲ ማዞር የለም፣ የምታስተካክለው የሦስቱን መሐል ይዘህ ነው። የስኮፑ መዘውር በያንዳንዷ ቀጭ ሩብ ኢንች በ100 ያርድ የሚያንቀሳቅስ ከሆነ፣ በ25 ያርድ 1 ኢንች ለማምጣት 16 ቀጭ ያስፈልጋል፣ በ50 ያርድ 8። ብዙ ሰው በ25 ላይ አራት ቀጭ አዙሮ «ስኮፑ አይሠራም» ይላል። ከዚያ ወደ 50 ውጣና እዚያ ጨርስ። ጥይቱን የጀመርክበትን ምርት አትቀይር፤ ሌላ ምርት ሌላ ቦታ ነው የሚመታው። ትከሻህ ላይ ወፍራም ነገር ልበስ፣ ጆሮህን ድፈን፣ መነጽር አድርግ፣ ትከሻህ ሲደክም ደግሞ አቁም። የደከመ ትከሻ ምላጭ ከመሳቡ በፊት ዐይን ያስጨፍናል።

የመጨረሻው ፈተና ይሄ ነው። 20 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ የወረቀት ሳህን ስቀል። ተቀምጠህ፣ በአደን ቀን እንደምትቀመጠው፣ አምስት ተኩስ። አምስቱም ሳህኑ ላይ ካረፉ ያ ርቀት ያንተ ነው። አንዷ ከወጣች ቀረብ በል። ሳህኑ 40 ያርድ ላይ ከፈቀደልህ፣ 60 ላይ የቆመ አጋዘን የሌላ ሰው ነው። ያ የሚስቅ ሰውዬ ስንት ያርድ ላይ ሳህን እንደሚመታ ጠይቀው እስቲ፣ በጨዋታ መልክ።

እንዲያውም ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ምንም ሳትገዛ፣ በዶቃዋ ብቻ ይሄንኑ የሳህን ፈተና ሞክረው። ሁለት ሳጥን ስለግ ነው ወጪህ። ሽማግሌው የሚያስቀምጥህ ቦታ 30 ያርድ ከሆነና 30 ላይ አምስቱንም ካሳረፍክ፣ ዘንድሮን ያለ ስኮፕ ማለፍ ትችላለህ። ሽማግሌውም ቁም ሣጥኑ ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ስኮፕ አያጣም። ጠይቀው። የሚሰጥ ሰው መጠየቅ ደስ ይለዋል።

ወደ ቤትህ እንምጣ። ባለቤትህ የተናደደችው በመነጽር ይመስልሃል? እኔ አይመስለኝም። ሁለታችሁ ተነጋግራችሁ ለአንድ ነገር የመደባችሁትን ገንዘብ ብቻህን ለሌላ ነገር ስታስበው አየችህ። ይሄ ነው የቆረቆራት። «ምን አገባሽ» አልክ ወይስ ዝም አልክ? ደብዳቤህ ላይ አልጻፍከውም። ከዚያ ደግሞ በድብቅ የ35 ዶላሩን መምረጥ። ያ ዕቃ በር ላይ ሲደርስ የሚከፍተው ማን ነው?

እንዲህ ብታደርግ ምን ይመስልሃል? ቅዳሜ ማታ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ተቀመጥና ወረቀት አውጣ። ሙሉውን ወጪ ጻፍላት፣ ሳትደብቅ፦ ስኮፕ ወይም ሬድ ዶት፣ ቤዝና ቀለበት፣ ጥይት፣ የአደን ፈቃዱ፣ ብርቱካናማው ሰደርያ። አዳኝ የሚያስተምሩበትን ኮርስ ካልወሰድክ እሱም አለ፣ ያለሱ መደበኛውን ፈቃድ አይሰጡህም። እንደኔ ግምት ተጠንቅቀህ ከገዛህ ከ200 ዶላር ብዙ አይዘልም። በመጀመሪያ ግን 200ውን ለእናትህ ላክ፣ ዛሬውኑ፣ ባለቤትህ እያየች። የቀረውን ከሚቀጥለው ኦቨርታይም እስከ ጥር መጨረሻ ትሞላለህ። ክረምቱ አልፏል ብለህ እስከ ግንቦት እንዳታዘገየው፤ የሐይቅ ልጅ ነህ፣ በልግ እንዳለ አትረሳም። የካቲት ላይ ደመና ሲመጣ ቆርቆሮው ጣሪያው ላይ መሆን አለበት። እሺ ካላለችህ ደግሞ ዘንድሮ በዶቃዋ ውጣ። ቆርቆሮው በሷም በእናትህም ዘንድ የሚያቆይልህን ፊት አስብ።

ሥጋውንም አብራችሁ አውሩት። የጠመንጃ አደኑ የሚከፈተው ከታንክስጊቪንግ፣ ከምስጋና በዓላቸው፣ በኋላ ባለው ሰኞ ነው፤ የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል። የምትጾሙ ከሆነ አጋዘኑ ሁልጊዜ ጾም ላይ ነው የሚመጣው። ቆራርጣችሁ ፍሪዘር ውስጥ ለገና ታቆዩታላችሁ። በጥይት የወደቀ ሥጋ መብላት የሚከብዳት ከሆነ ለንስሐ አባታችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። ሳታነሱት አጋዘን ጭነህ በር ላይ እንዳትደርስ ብቻ።

አጎትህን በተመለከተ አላመነታም፦ አትላክ። የጠመንጃ ስኮፕ ከአሜሪካ ለማውጣት ከንግድ ሚኒስቴሩ ፈቃድ የሚጠየቅበት ዕቃ ነው። «ትንሽ ነገር ናት፣ ሻንጣ ውስጥ ትገባለች» የሚል ሰው አይጠፋም፤ የሚጠየቀው ግን ሻንጣው ባለቤት ነው። እዚህም ቢደርስ ጉምሩክ አለ፣ የጦር መሣሪያ አዋጁም አለ፣ ቁጥር 1177/2012። ደግሞ አንተ ሩቅ ነህና ልንገርህ፣ ዘመኑ እንደምታውቀው ነው፤ ስኮፕ ያለው ጠመንጃ የያዘ ሽማግሌ እዚህ ለሁሉም ወገን ጥያቄ ነው የሚሆነው። «እሺ አያለሁ» ብለህ ዘግተሃል፣ እሱ ደግሞ እሺውን ብቻ ነው የሰማው፤ አሁን ለጎረቤት ሳያወራ አይቀርም። ይህን ሳምንት ደውልለት። «አጎቴ፣ ጠየቅኩ፣ ሕጉ አይፈቅድም፣ እኔም እታሰራለሁ» በለው። አይከፋውም። ስትዘጋ ባዶ እጅህን እንዳትሆን ግን ወፍራም ጃኬትና ጥሩ የእጅ ባትሪ እንደምትልክለት ንገረው። የአምባሰል ብርድ ጃኬት አይጠላም።

እና በዚህ ቅዳሜ ጠመንጃውን አውጣና ሪሲቨሩ ላይ አራቱን ቪቲዎች ፈልግ። ካሉም ከሌሉም ፎቶውን ላክልኝ፤ የትኛው ማሰሪያ እንደሚሆንህ አይቼ እነግርሃለሁ።